የእትዬ ዘውዲ ተለማማጅ እና የኪራዩ አጎት

እትዬ ዘውዲን የማያውቅ ሰው ካዛንቺስ ውስጥ ካለ ወይ ትናንት የገባ ነው፣ ወይ ልጅ የለውም። ልጅ ያለው ሰውማ እንዴት አያውቃት! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ ሆና ሠርታለች። በዚህ ሁሉ ዓመት ያላለቀሰባት ተማሪ፣ ያልተቆጣት ወላጅ፣ ያልተከራከራት ርዕሰ መምህር የለም። ሳቋ ከቢሮዋ ተነሥቶ ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ ይሰማል። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሁለት ጊዜ በደብዳቤ ከሷታል፤ ሁለቱንም ደብዳቤ ስታነብ ሳቋ እዚያው ድረስ ተሰማ አሉ።

ቢሮዋ ድሮ የጠመኔ መጋዘን ነበር። አማካሪ ሁኚ ሲሏት ክፍል ስጡኝ አለች፣ መጋዘኑን ወረወሩላት። ግድግዳው ሦስት ጊዜ ቀለም ተቀብቷል፤ አቧራው ግን አልወጣም። እዚያ ክፍል የገባ ሰው ሁለቴ ሳያስነጥስ አይቀመጥም። እሷ ግን ደስ ይላታል። «ልጁ እስኪያስነጥስ ድረስ አልጠይቀውም፤ ካስነጠሰ በኋላ ትንሽ ይስቃል፣ ከዚያ ማውራት ይቀለዋል» ትላለች።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ፣ ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሲጀመር በየዓመቱ ዩኒቨርሲቲው ሳይኮሎጂ የሚያጠኑ ልጆችን ለሥራ ልምምድ ይልክላታል። ስምንት ሳምንት አብረዋት ይቆያሉ፤ ታሳያቸዋለች፣ ታርማቸዋለች፣ በመጨረሻም ፎርም ሞልታ ትሸኛቸዋለች። ታዲያ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ወንበር የሚባል ነገር አትሰጣቸውም። ጠዋት ጠዋት የግቢው በር ላይ ከጥበቃው ጎን ቆመው አርፋጆችን ይቀበላሉ። መቅጣት የለ፣ መገሠጽ የለ። «እንደምን አደርክ? ምን አጋጠመህ?» ማለት ብቻ። ልጆቹ የሚዋሹትን ውሸት ሁሉ፣ ታክሲ ጠፋ፣ ውሃ ሄደ፣ አያቴ አመማት፣ ፊታቸውን ሳያጠቁሩ መስማት አለባቸው። ይህን ያልቻለ ተለማማጅ ቢሮዋ አይገባም፤ በቃ!

አንድ ነገር ግን ያንገበግባታል። እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ አሥራ ስድስት ተለማማጆች አሠልጥናለች። አንዱ ባንክ ገባ፣ አንዷ የውጭ ድርጅት፣ ሁለቱ ሆቴል ውስጥ ሠራተኛ ቀጣሪ ሆኑ፣ አንዱማ ጭራሽ መኪና ይደልላል። ትምህርት ቤት የቀረ አንድም የለ! «ምን አድርጌያቸው ነው እንዲህ የሚበረግጉት?» እያለች ትብሰለሰላለች። መልሱን መምህራኑ ሁሉ ያውቁታል፤ የማታውቀው እሷ ብቻ ናት። ተለማማጁ አንዲት ቃል ከሳተ እትዬ ዘውዲ ከወንበሯ ዘላ ትነሣና ነገሩን ራሷ ታገባድደዋለች። ልጆቹ ስምንት ሳምንት ሙሉ የሚያዩት የእሷን ጉብዝና ነው። የራሳቸውን ሳያዩት ይሄዳሉ።

አሥራ ሰባተኛዋ ሜቲ ደጋጋ ነበረች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ አራት ዓይነት ቀለም እስክሪብቶ ይዛ የምትዞር። አነጋገሯ ደግሞ አቤት፣ ከዩኒቨርሲቲ መጽሐፍ የተገለበጠ! «እትዬ ዘውዲ፣ ማለቴ፣ መጀመሪያ ራፖር እንፈጥራለን፣ ከዚያ በቃ አሰስመንት እንሠራለን» ስትላት እትዬ ዘውዲ በሁለት እጇ ጆሮዋን ያዘች። «ልጄ፣ መጀመሪያ እንደምን አደርሽ በይ፤ ሌላው ይደርሳል» አለቻት።

በር ላይ ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ አንድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ሃያ ደቂቃ አርፍዶ መጣና «ቲቸር፣ ድመታችን ወለደች» አላት። ሜቲ ሳትስቅ ስንት እንደወለደች ጠየቀችው፣ ስማቸውን ጠየቀችው፣ በቀይ እስክሪብቶ ጻፈችው። ልጁ በማግስቱ አንዷን ግልገል በካርቶን ይዞላት መጣ። ለካ እውነቱን ነው! እትዬ ዘውዲ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ በልቧም «ይቺ ሳትሻል አትቀርም» አለች።

በአራተኛው ሳምንት ለሜቲ የራሷ ተማሪ ተሰጣት። ራቢያ ጅብሪል ትባላለች፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ቤታቸው ድሮ እዚሁ ካዛንቺስ ነበር፤ ፈርሶ ወደ ላንቻ ተዛውረዋል። አባቷ ቄራ ይሠራል። ደብተሯን ብታዩት የታተመ ነው የሚመስለው፤ ፈተና ላይም ማንም አይደርስባትም። ግን ትቀራለች። አሥራ አምስት ቀን ቀርታለች። የተማሪዎችን ሥነ ሥርዓት የሚከታተለው አቶ ሊካሳ «ወላጅ አምጪ» ካላት ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ ወላጅ ግን የለም።

ሜቲ ራቢያን ሦስት ቀን አስቀመጠቻት፤ ራቢያ ሦስቱንም ቀን አስነጥሳ ዝም አለች። በአራተኛው ቀን ሜቲ አራቱን እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረችና «የፈለግሽውን ቀለም ምረጪና ጻፊልኝ» አለቻት። ራቢያ አረንጓዴውን አነሣች። እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ስናገር እንተባተባለሁ። እንግሊዝኛ በስም ተራ ጮክ ብለን ነው የምናነበው። ተራዬ ሊደርስ ሲል እቀራለሁ፤ ይስቁብኛል። አባቴ እንዳይሰማ። መቅረቴን ከሰማ ቡታጅራ አክስቴ ጋ ይልከኛል፤ ትምህርቴ አለቀ ማለት ነው።»

እትዬ ዘውዲ ወረቀቱን አንብባ ወደ ሜቲ ቀና አለች። ሃያ ሁለት ዓመት አማካሪ ሆና እንዲህ ያለ ዘዴ አልመጣላትም ነበር። ለሜቲ ግን አንዲት ነገር ነገረቻት። «እዚህ ክፍል የተነገረ ነገር ከዚህ ክፍል አይወጣም። ሃያ ሁለት ዓመት አልወጣም።» ሜቲ በሰማያዊ ጻፈችው።

ከዚያ ማክሰኞ መጣ። እትዬ ዘውዲ ክፍለ ከተማ ስብሰባ ተጠርታ ሄደች፤ ሜቲ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ቀረች። አራት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ራቢያ ናት፤ ከኋላዋ አንድ አርባ አምስት ዓመት የሚሆነው ሰው ቡናማ ኮት ለብሶ፣ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ ቆሟል። ራቢያ ወደ ሰውየው ጠቁማ «አጎቴ» የሚል ወረቀት ሰጠቻትና ሮጣ ወደ ክፍሏ ሄደች።

ሰውየው ተቀመጠ፣ ሁለቴ አስነጠሰ፣ ዝም አለ። አቤት ዝምታው! ሜቲ እንዲህ ያለ አድማጭ ወላጅ መጽሐፍ ላይ ብቻ ነው ያነበበችው። አይቆጣም፣ አያቋርጥም፣ «ልጅቷን ግረፉልኝ» አይልም፤ አንገቱን ብቻ ይነቀንቃል። ራቢያ «አባቴ እንዳይሰማ» ነው ያለችው፤ አጎቴ እንዳይሰማ አላለችም። ሜቲ እንዲህ አሰበችና ሁሉንም ዘረገፈችው። መንተባተቧን፣ የሚስቁባትን ልጆች፣ የእንግሊዝኛውን ተራ፣ ሁሉንም። ሰውየው ዕንባው ጉንጩ ላይ ወረደ። ሜቲ መሐረብ ሰጠችው። የወላጆች መዝገብ ላይ ፈረመ፣ በሁለት እጁ ጨበጣት፣ ወጣ። እሷም ከፊርማው ሥር «እጅግ የተሳካ የወላጅ ምክክር» ብላ በአረንጓዴ ጻፈች፤ ሁለት ጊዜም አሰመረችበት።

ረቡዕ ጠዋት እትዬ ዘውዲ መዝገቡን ገልጣ አነበበች። አንድ ጊዜ አነበበች፣ መነጽሯን ጠርጋ ደግማ አነበበች።

«ሜቲዬ፣ ይህ አጎት ኮቱ ቡናማ ነው?»

«አዎ! እንዴት አወቁ?»

«ክርኑ ላይ የተጣፈ?»

«አዎ፣ ማለቴ፣ በጣም የተከበሩ ሰው ናቸው።»

ይህን ስትል በሩ ተበርግዶ አቶ ሊካሳ ገባ። ፊቱ በርበሬ መስሏል። «ዘውዲ! ትናንት ከዚህ ቢሮ ገብረሚካኤል ሲወጣ አይቼዋለሁ። የታክሲ ተራ አስከባሪው ገብረሚካኤል! ጥቅምት ላይ የሃፍቶም አጎት ነበር፣ ኅዳር ላይ የኢብሳ አጎት ሆነ፣ አሁን ደግሞ የራቢያ ጅብሪል? ሰውዬው ስንት እኅት ነው ያለው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ ሰፈር «ወላጅ አምጣ» የተባለ ልጅ ወላጁን ከፈራ ወላጅ ይከራያል። ገብረሚካኤል ለዚህ ሥራ የታወቀ ነው። ኮቱን ደርቦ ይመጣል፣ አንገቱን ይነቀንቃል፣ ይፈርማል፤ ዋጋው አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ነው። ጥበቃው እንኳ ያውቀዋል፣ እያወቀ ያስገባዋል።

እትዬ ዘውዲ ሳቋ አመለጣት። ጠረጴዛውን ይዛ፣ ዕንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «ማተብ... ማተቡን አላየሽም እንዴ? አንገቱ ላይ ማተብ ያሠረ የራቢያ ጅብሪል አጎት!»

«አይቻለሁ» አለች ሜቲ፤ ድምፅዋ ተቆራረጠ። «ግን፣ ማለቴ፣ አዲስ አበባ ነው... በእናቷ በኩል ይሆናል ብዬ... እንዴት ሃይማኖት እጠይቃለሁ?»

እትዬ ዘውዲ የልጅቷን ፊት ስታይ ሳቋ ተነነ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባት። ሃያ ሁለት ዓመት ከዚህ ክፍል ያልወጣው ምስጢር በአንድ ሰዓት ውስጥ ታክሲ ተራ ደርሷል። ቀኑን ሙሉ ሲጮህ የሚውል ሰው ጆሮ ውስጥ ገብቷል። ራቢያም ዛሬ አልመጣችም።

«ዓርብ» አለ አቶ ሊካሳ። «እስከ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ድረስ እውነተኛ ወላጅ ካልመጣ ስሟን ከመዝገብ እሰርዛለሁ። መመሪያው ነው፤ የኔ ክፋት አይደለም።» ክፉ ሰው አልነበረም፤ መመሪያ ሲይዝ ግን ማንንም አያይም።

ሜቲ እስክሪብቶዎቿን ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «እትዬ ዘውዲ፣ እኔ ይህን ሥራ አልችልም። ዛሬውኑ ልሂድ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እትዬ ዘውዲ «አንቺ ተቀመጪ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» ትል ነበር። አፏ ላይም መጥቶ ነበር። ግን አሥራ ስድስቱ ልጆች በዓይኗ ዞሩ፤ እነሱም እንዲህ ቦርሳቸውን እንደዘጉ ነው የወጡት። «የት ነው የምትሄጂው?» አለቻት። «ቦርሳሽን ያዢና ነይ፤ መጀመሪያ አጎትሽን እናግኝ።»

ታክሲ ተራው ላይ ገብረሚካኤል ያለ ኮቱ ቆሞ ነበር። ድምፁ መንገዱን ሞልቶታል። «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! አንድ ሰው የቀረው! በስታዲየም ሜክሲኮ!» ቃሉ እንደ ውሃ ይፈሳል። እትዬ ዘውዲ ይህን ድምፅ ስንት ዓመት ሰምታዋለች፤ አብራው ቆማ አውርታ ግን አታውቅም። ሲያያት ባርኔጣውን አወለቀ።

«እ... እ... እትዬ ዘውዲ» አለ። አንገቱ ላይ ሥሩ ተገታተረ። «ለ... ለማንም አል... አልተናገርኩም።»

እትዬ ዘውዲ ክው ብላ ቀረች። ሜቲ ደግሞ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ለካ ያ ሁሉ ዝምታ፣ ያ ሁሉ አንገት መነቅነቅ!

ገብረሚካኤል ቀስ እያለ፣ እየታገለ ነገራቸው። ሲጮህ አይዘውም፤ ሰው ፊት ቆሞ ሲያወራ ነው የሚይዘው። ተማሪ ሳለ ስድስተኛ ክፍል ንባብ ተራው ደረሰ፤ ክፍሉ ሳቀበት፤ ደብተሩን ዴስኩ ላይ ትቶ ወጣ። «ነ... ነገ እመለሳለሁ ብዬ ነው የወጣሁት» አለ። «አ... አልተመለስኩም። ይኸው እ... እስካሁን።» ማክሰኞ ዕለት ለስላሳውን ሊጠጣ ነበር የመጣው፤ የሰማው ግን የራሱን ታሪክ ነው። ሲወጣ ራቢያን አግኝቶ ለስላሳውን ለእሷ ገዛላት፣ «እኔም እንዳንቺ ነኝ» አላት። ሊያጽናናት ነበር። ልጅቷ ግን ጠርሙሱን ሳትነካ፣ ምስጢሯ እንደወጣ ገባትና እያለቀሰች ሄደች።

«የ... የተቀየመችው እኔን አይደለም» አለና ወደ ሜቲ አየ። አስተያየቱ ክፋት አልነበረበትም። ከዚያ ዞሮ በዚያ ነጎድጓድ ድምፁ ወደ ላንቻ የሚሄድ ሚኒባስ አስቆመ፣ ሰልፉን ይቅርታ ጠይቆ ሁለቱን ፊት ወንበር ላይ አስቀመጣቸው፣ ረዳቱንም «እንዳታስከፍላቸው!» ብሎ ጮኸበት። ይህችን ሲላት ምንም አልያዘውም።

ላንቻ ሲደርሱ ራቢያን በራቸው ላይ አገኟት። ሳፋ ፊት ተቀምጣ የትምህርት ቤቱን ሹራብ ታጥባለች። እትዬ ዘውዲ «ጎበዝ፣ ለነገ ነው?» አለቻት። ራቢያ በራሷ አይደለም አለችና የጎረቤቱን በር ጠቆመች። እዚያ ቤት በሚቀጥለው ዓመት ዘጠነኛ የምትገባ ልጅ አለች፤ ሹራቡን ለእሷ ልትሰጣት ነው። እትዬ ዘውዲ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ከደነችው። ነገሩ የሜቲ ነው። እንዲህ ያለ ጭንቅ በምጥ ጊዜም አላየችም!

ሜቲ ሳፋው አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«የነገርኩት እኔ ነኝ» አለች። «አጎትሽ መስሎኝ ነው፤ ግን ይህ ምክንያት አይሆንም። እውነተኛ አጎትሽም ቢሆኑ አንቺን ሳልጠይቅ መናገር አልነበረብኝም። አመንሽኝ፤ እኔ ደግሞ አበላሸሁት። ይቅርታ አድርጊልኝ።» ራፖር የለ፣ አሰስመንት የለ።

ራቢያ እጇን ከአረፋው አወጣች። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። «ማ... ማ... ማ...» አለችና ቆመች። አንድ ታክሲ አለፈ። አንዲት ሴትዮ ጀሪካን ይዛ አለፈች፣ ሰላም አለቻቸው። እትዬ ዘውዲ ቃሉን ልትጨርስላት ምላሷ ይበላታል፤ ሜቲ ግን አልተንቀሳቀሰችም፣ ዓይኗንም አልነቀለችም።

«ማ... ማተብ ያ... ያሠረ ሰውዬ» አለች ራቢያ በመጨረሻ፣ «እን... እንዴት የ... የኔ አጎት ይሆናል?»

ሜቲ ቀላች። ከዚያ ራቢያ ነች መጀመሪያ የሳቀችው። በአፍንጫዋ ጀመራት፣ አልቆም አለ፤ ሜቲም ሳቀች፤ እትዬ ዘውዲማ ግድግዳ ተደገፈች። ጎረቤት ሁሉ ራሱን ብቅ አደረገ።

ሳቁ ሲያልቅ ሜቲ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ምን እንደሚሆን ሳትሸፋፍን ነገረቻት። «ለአባትሽ እኔ አልነግርም። መንገርም አለመንገርም የአንቺ ነው። አብረሽኝ ሁኚ ካልሽኝ እመጣለሁ፤ ካላልሽኝ ቢሮ ቁጭ ብዬ እጠብቅሻለሁ።» ራቢያ ወደ ሳፋዋ ተመለሰች።

መንገድ ላይ እትዬ ዘውዲ ፈነዳች። «እንዴ! እንዲሁ ትተናት ልንሄድ? አባትየው እኮ ቄራ ነው ያለው! በእግር ይደረሳል! ሁለት ቃል ብነግረው ያልቃል!»

ሜቲ ቆመች። ፈርታለች። ግን ተናገረች። «እትዬ ዘውዲ፣ እርስዎ ከነገሩት የነገሩት እርስዎ ነዎት። እሷ እንደገና ዝም አለች ማለት ነው።»

ወይ ጉድ! አሥራ ስድስት ተለማማጅ አንድም ቀን አልመለሰላትም። እትዬ ዘውዲ ደሟ ፈላ። አንድ ሱቅ ገባችና ሁለት ሳምቡሳ ገዛች፤ አንዱን ለሜቲ ሰጠቻት። ታክሲ እስኪያገኙ ድረስ ሁለቱም እየበሉ ተራመዱ።

ሐሙስ ራቢያ አልመጣችም። እትዬ ዘውዲ የአባትየውን ስልክ ቁጥር ከፋይሉ አውጥታ ሦስት ጊዜ መደወል ጀመረች፤ ሦስት ጊዜ ስልኩን ዘጋች። ለአራተኛ ጊዜ ስልኩን ስታነሣ ሜቲ ቀና ብላ አየቻት። «ሰዓት ልመለከት ነው!» አለችና እትዬ ዘውዲ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት።

ዓርብ ጠዋትም የለችም። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ስምንት ሰዓት ሆነ። እትዬ ዘውዲ ምሳዋን አልበላችም። ተሳስቻለሁ፣ ልጅቷን በአንዲት ተለማማጅ እጅ ጥዬ አስበላኋት፣ እያለች ራሷን ትቀጣለች። ሜቲ ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ በሩን ታያለች። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ አቶ ሊካሳ የተማሪዎቹን መዝገብና ቀይ እስክሪብቶውን ይዞ ገባ፤ ሁለቴ አስነጠሰ፤ ሰዓቱን አየ። መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

በሩ ተንኳኳ።

አንድ ግዙፍ ሰው ጎንበስ ብሎ ገባ። ፀጉሩ ገና አልደረቀም፤ ከሥራ ታጥቦ መጥቷል፤ የሥራ ቦት ጫማውን በፌስታል አንጠልጥሏል። ከኋላው ራቢያ አለች። ሹራቧን ለብሳለች።

«ሰላም ዋላችሁ። ጅብሪል እባላለሁ፤ የራቢያ አባት ነኝ።»

«መታወቂያ!» አለ አቶ ሊካሳ።

ሰውየው ግራ ገባው። ትምህርት ቤት መታወቂያ ሲጠየቅ የመጀመሪያው ነው። አውጥቶ ሰጠው። አቶ ሊካሳ ፎቶውን አየ፣ ፊቱን አየ፣ ገልብጦ ማኅተሙን አየ፣ አንገቱንም አየ። ራቢያ አፏን በሹራቧ እጅጌ አፈነች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል። ሜቲ ጣሪያውን ማየት ጀመረች።

«እሱ ነው» አለ አቶ ሊካሳ። ድምፁ ውስጥ ያለውን ደስታ ሊደብቀው ፈልጎ ነበር፤ አልቻለም።

ጅብሪል ተቀመጠ። ወንበሩ ጮኸ። «ትናንት እራት ላይ ነገረችኝ» አለ። «ምግቡ ቀረበ፣ ቀዘቀዘ፣ እናቷ አሞቀችው፣ እንደገና ቀዘቀዘ። አላቋረጥኳትም። አሥራ አምስት ዓመት አብራኝ ኖራ ይህን ያህል አውርታኝ አታውቅም።» ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ጨዋ ሆና ዝም የምትል መስሎኝ ነበር። ለጎረቤት፣ ለሥራ ባልደረባ፣ ልጄ አፍ የላትም እያልኩ ስኮራባት ኖርኩ። ለካ ፈርታ ነው። ቡታጅራ እልክሻለሁ ያልኩትም እንዲያው ለማስፈራራት ነበር፤ የትም አልልካትም።» በትልቅ መዳፉ ፊቱን ጠረገ።

እትዬ ዘውዲ ዕንባዋን አልደበቀችም። ለምን ትደብቃለች? በደስታ ሰከረች፤ እልል ልትል ትንሽ ነው የቀራት።

«እንግዲህ» አለ ጅብሪል ቀና ብሎ፣ «ምን ላድርግ? የሚባለውን ሁሉ አደርጋለሁ። አማካሪዋ ማን ናት?»

ሃያ ሁለት ዓመት ይህ ጥያቄ በተጠየቀ ቁጥር የመለሰችው አንዲት ሴት ናት። አሁንም «እኔ» የሚለው ቃል ጥርሷ ላይ ደርሶ ነበር።

«እሷ ናት» አለች እትዬ ዘውዲ፤ ወደ ሜቲ ጠቆመች።

ከዚያ ከወንበሯ ተነሣች፣ አቶ ሊካሳን በክንዱ ይዛ ጎትታ ወጣች፣ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው፣ በጀርባዋም ተደገፈችው። ከውስጥ መጀመሪያ የሁለት ሰው ማስነጠስ ተሰማ። ቀጥሎ አንድ ቀጭን ድምፅ ጀመረ፤ ቆመ፤ እንደገና ጀመረ። ማንም አላቋረጠውም።

አቶ ሊካሳ ኪሱን ዳበሰ። «እስክሪብቶዬን ውስጥ ረሳሁት» አለ፤ እጁን ወደ በሩ ሰደደ።

«አይገባም» አለችው እትዬ ዘውዲ። «ራቢያ እየተናገረች ነው።»